ጌሾ፣ አንቺ ነሽ?

ዘጌዬ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ስንት ጊዜ እንደሆነን አልቆጥርም፤ አንቺም እንዳትቆጥሪ። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥብን ዓመት ገደማ በእሱ ሳመካኝ ከረምኩ። ከተመለሰ በኋላ ግን ምክንያት አጣሁ። አፈርኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ ባሰብኝ። ይቅርታ። ስድቡን ስንገናኝ።

ወልጃለሁ። ሴት ናት፣ አምስት ወሯ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይም ተመርቋል፤ 380 ሜትር ነው፣ እኔ ልጅ ታቅፌ አንዴ ብቻ ተሻግሬዋለሁ። ሌላውን ወሬ ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ወንድሜ ያወራሻል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አንድ የእናቶች የቴሌግራም ግሩፕ ገብቻለሁ። ወንድ አይገባም። ሴት መሆንሽን ለአድሚኗ በድምፅ ልከሽ ታረጋግጫለሽ። እኔ ልጄ እንዳትነቃ በሹክሹክታ፣ ያውም ጉንፋን ይዞኝ ቀድቼ ላክሁላት። «ወንድሜ፣ እዚህ ቦታ የለህም» ብላ መለሰችልኝ! ሳቂ፣ ሳቂ። «የመሪጌታ ድምፅ» እያልሽ ስታሾፊብኝ የኖርሽው አንቺ ነሽ። በማግስቱ የልጄን ለቅሶ ጨምሬ ላክሁ፤ ያኔ አስገባችኝ።

መጀመሪያ ዝም ብዬ አነብ ነበር። ሁሉም በቅጽል ስም ነው። ስለ ጡት መቁሰል፣ ስለ ወሊድ ስፌት፣ ስለ ባል ኩርፊያ፤ እኔ ለእናቴ እንኳ የማልነግራትን እዚያ እንደ ገበያ ወሬ ያወሩታል።

እቤት ደግሞ አማቴ «ጠምቷት ነው፣ ውሃ ስጫት፤ ትንሽ ቅቤም አቅምሻት» ይላሉ። ጤና ጣቢያ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም እንዳትሰጪ ብለውኛል። ማንን ላስቀይም? አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷም እያለቀሰች፣ እኔም እያለቀስኩ፣ «የነቃ ሰው አለ?» ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ሴቶች መለሱልኝ። በዚያ ሰዓት፣ ዘጌዬ! አንዷ «ሐኪም ከለከለኝ በያቸው፤ ከፈለጉ ከሐኪሙ ይጣሉ» አለችኝ። ሠርቷል፣ እስካሁን።

ከሰባቱ የአንዷ ስም «ጌሾ» ነው። እንዲህ አለችኝ፦ «ታንኳም ውሃ ሲጠጣ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። ልጅቷን ለአማትሽ ስጪና ተኚ።»

ክው ነው ያልኩት። ይሄ የአያትሽ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ እያለን፣ ለፈተና እያጠናሁ ሳመሽ መብራቱን የምታጠፊብኝ ይህንኑ እያልሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው የሚያሳፍረኝ። አልተኛሁም። ጌሾ የጻፈችውን ሁሉ ወደ ኋላ እየሄድኩ እስኪነጋ አነበብኩ። ሳይወለድ ስለቀረው። ብቻዋን ሆስፒታል ስለሄደችበት ቀን። «የምደውልላት አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፣ ግን ተጠፋፋን» የሚለውንም።

እኔ ነኝ?

አንቺ ካልሆንሽ ይህን ሁሉ እርሺው፤ እንቅልፍ ያጣች ሴት የጻፈችው ነው። ከሆንሽ ግን… እንዴት እንደምለው አላውቅም። እዚያው በውስጥ ልጽፍልሽ ጀመርኩና አጠፋሁት። ማንም ሳያውቅሽ የምትናገሪበትን አንድ ቦታ ላበላሽብሽ ፈራሁ። ለዚህ ነው በወረቀት የሆነው። መልስ ባትሰጪኝም እዚያ መጻፍሽን እንዳትተዪ። ለማንም ትንፍሽ አልልም። አድሚኗ ከሰማችማ እንደገና ወንድ ታደርገኛለች።

የእኔን ቅጽል ስም ግን አልነግርሽም። ፈልገሽ አግኚ፤ ያነበብኩሽን ያህል አንብቢኝ፣ እንካካስ።

ወንድሜ ሐሙስ ይመለሳል። ቡናው የዘጌ ነው፣ ጀልባ መውረጃው ላይ ጠብቄ የገዛሁት። በትንሿ ፌስታል ያለው አብሽ ነው፤ ለወተት ጥሩ ነው ይላሉ። ባለፈው ጌሾ ስለ ልጇ ጥርስ ጠይቃ አይቼ ነው። ጌሾ ካልሆንሽ ለጎረቤት ስጪው።

ያቺው መሪጌታሽ