ደብተሩ ላይ ያልሰፈሩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ በጉሊት የምተዳደር እናት ነኝ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ለደመወዝተኛ ነው፤ ለእኛ ማኅበረሰብ አቀፉ የጤና መድን አለ ሲባል ደስ ብሎኝ ተመዘገብኩ። የመድኑ ደብተር ላይ ፎቷችን ያለው ግን የእኔና የሁለቱ ትንንሽ ልጆቼ ብቻ ነው። ትልቁ 18 ስላለፈው ተጨማሪ ክፈይ ተባልኩ፤ ከየት አምጥቼ? ባለፈው ወር ቀን ሥራ ላይ ከፎቅ ወድቆ እጁ ተሰበረ። ለራጅና ለጄሶ የዕቁቤ ብር አለቀ፤ የቀረውን ከጎረቤት ተበደርኩ። አብራኝ የምትኖረው እናቴም የለችበትም፤ የግፊት ኪኒኗን በየወሩ ከግል መድኃኒት ቤት እገዛለሁ፤ ሲያጥረኝ ግማሹን። ጎረቤቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ የክፍለ ሀገር መታወቂያ ስላላት ከነጭራሹ አልመዘገቧትም። እባካችሁ፣ ቤተሰብ ሲባል በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረው ሁሉ ይቆጠርልን።

አንዲት እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ