ለደንበኞቻችን፦ የሃምሳን ደብተር አንብቡልን

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የድሬዳዋ ከዚራና የአካባቢው ደንበኞቻችን።

ካለፈው ማክሰኞ እስከ ሐሙስ ዳቦ ቤታችን ዝግ ነበር። በሩ ላይ ወረቀት እንኳን አልለጠፍንም። ማለዳ መጥታችሁ የተዘጋ በር አይታችሁ የተመለሳችሁ ይቅርታ አድርጉልን፣ ለቅሶ ላይ ነበርን። ዳቦ ያደርሱላችሁ የነበሩት ሃምሳ አርፈዋል።

ሙሉ ማዕረጋቸው ሃምሳ አለቃ ነው። ድሬ ግን ረጅም ስም አትወድም፤ ሰፈሩ አሳጥሮ «ሃምሳ» አላቸው፣ ልጆቹም «ሃምሳ መጣ!» እያሉ ከሳይክላቸው ኋላ ይሮጡ ነበር። እዚህ ከተማ አንቱታ ብዙም ስለማይሠራ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ግድ አልነበራቸውም። እኛ ብቻ ከቀጠርናቸው ቀን ጀምሮ ከአንቱ አልወጣንም። አቋቋማቸው ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የዱቤ ደብተሩን ማንበብ አልቻልንም።

ሃምሳ ከፖሊስ ጡረታ ወጥተው እኛ ጋ የመጡት ለጥበቃ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ማለዳ ዳቦ ማድረሱም ዱቤ መጻፉም የእሳቸው ሥራ ሆነ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዙ፣ በማስመሪያ አሰመሩት፣ የማንንም ስም ግን አልጻፉበትም። «የሰው ዕዳ በስም አይጻፍም፣ ደብተር ይጠፋል» አሉን። ለየቤቱ የራሳቸውን መጠሪያ አወጡ። አሁን ፊቴ ያለው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ካራማራ፣ 14 ዳቦ፣ 6ቱ ተከፍሏል። ጅጅጋ፣ 8። ሰባት ቀሚስ፣ ምንም የለባትም። ኮምፓኜሮ፣ ቅዳሜ እከፍላለሁ ብሏል፣ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልገለጸም።»

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የተወሰነውን ፈተናል። ካራማራ ያ ደረጃው የማያልቀው ቤት ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ያላችሁት። ሃምሳ እውነተኛውን ካራማራም፣ ጅጅጋ አጠገብ ያለውን ተራራ፣ ወጥተውታል። በ1969 ሐምሌ የሶማሊያ ጦር ሲገባ ሐረር በነበረው በ3ኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ወጣት ወታደር ነበሩ። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ድሬዳዋ ደጃፍ ድረስ መጣ፣ መስከረም 1970 ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር ተያዘች፣ የካቲት 26 ደግሞ የእኛ ጦር አስመለሳት። በየዓመቱ የካቲት 26 የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ይመጣሉ፣ እኛም በየዓመቱ «እስቲ ዛሬ እንኳን ያኔ የነበረውን ንገሩን» እንላቸዋለን። መልሳቸው አንድ ነው፦ «ብርድ ነበር።» ከዚያ ዳቦውን ጭነው ይሄዳሉ።

ጅጅጋን ለመፍታት ግን ሁለት ቀን ፈጅቶብናል። መጨረሻ ላይ ምድጃ ላይ የሚሠራው ልጅ ነው የደረሰበት። መስከረም ላይ ትታችሁን ሌላ ዳቦ ቤት ሄዳችሁ፣ የካቲት ላይ የተመለሳችሁት ቤተሰብ ናችሁ አይደል? ሃምሳ ከኛ እጅ ወጥታችሁ በአምስት ወር ተኩል መመለሳችሁን በዚህ መንገድ መዝግበውታል። አትቀየሙ አቦ፣ ስትመለሱ ከሁላችን በላይ የተደሰቱት እሳቸው ነበሩ።

ኮምፓኜሮ ማን እንደሆነ አናውቅም። «ጓድ» ማለት ነው፤ ቃሉን በጦርነቱ ከእኛ ጎን ከተሰለፉት ከኩባ ወታደሮች ነው የለመዱት፣ ደስ ያላቸውን ሰው ሁሉ ይጠሩበታል። ስለዚህ ኮምፓኜሮ የከተማው ግማሽ ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ የቀጠርከው ሰው ግን ራስህን ታውቃለህ።

ሰባት ቀሚስን እናውቃለን፣ አንናገርም። ይህን ያህል ብቻ፦ ሃምሳ ቆስለው ከጦሩ ከወጡ በኋላ ፖሊስ ሆነው ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው፣ ተመድበው ነበር። ያኔ ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርቦ መውረድ የተለመደ የኮንትሮባንድ ዘዴ ነበር። አንዷን አስቁመው ቀሚሶቹን ቆጠሩ፣ ሰባት። «የድሬን ሙቀት እንዴት ቻልሽው?» ብለው ውሃ ሰጧት። ከዚያ መዘገቧት፣ ቀሚሶቹም ተወረሱ። አልማሯትም። ይህን የነገረችን ራሷ ናት፣ ድንኳን ውስጥ፣ እያለቀሰችና እየሳቀች።

የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ግን ዱቤ አይደለም። በወንዛችን ስም «ደቻቱ» የሚል ርዕስ አለው፣ ከሥሩ የስልክ ቁጥሮች ብቻ። በክረምት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ደውለው «ተነሱ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ደመናው ጠቁሯል» እያሉ ከእንቅልፍ የቀሰቀሷችሁ ሰዎች ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ተማርራችሁ እኛን ወቅሳችሁናል፤ ያኔ ምክንያቱን አልነገርናችሁም፣ እሳቸው ስለማይወዱ።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ተረኛ ነበሩ። ደቻቱን ታውቁታላችሁ፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገረዋል፣ ገበያ ይቆምበታል። ያን ሌሊት ከደጋው የዘነበው ውሃ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሃምሳ ፊሽካ እየነፉ፣ በር እየደበደቡ፣ ውሃው ጉልበታቸው ከዚያም ወገባቸው እስኪደርስ ሄዱ። ብዙ በር ተከፈተላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሊጥ እስኪነሳ አብረን ስንጠብቅ፣ «አንድ ሰማያዊ በር ነበር፣ አልደረስኩበትም» አሉኝ። ምን ልበል፣ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ አንስተውት አያውቁም። ወንዙ ዳር ግንብ ከተሠራ በኋላም ክረምት ሌሊት ተኝተው አላየንም። ፊሽካው እስከ መጨረሻው ከቁልፋቸው ጋር ታስሮ ነበር፣ አሁን ካሸር መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል።

ስለዚህ ውሳኔያችን ይህ ነው። ዱቤ ያለባችሁ መጥታችሁ ስንት እንደሆነ ንገሩን፣ ያላችሁትን እንቀበላለን። ከአሁን በኋላ ዱቤ በስም ይጻፋል፣ እኛ የሃምሳ ዓይነት ጭንቅላት የለንም። ቤት ለቤት ማድረስ ለጊዜው ቆሟል፦ ሳይክላቸው ብሬክ የላትም፣ እሳቸው በጫማቸው ነበር የሚያቆሟት፣ ልጆቹን በእሷ አልልክም። ሌላ ስንገዛ እናሳውቃችኋለን። የደቻቱ ገጽ ባለበት ይቀጥላል። ዘንድሮ ክረምት ሌሊት የማታውቁት ቁጥር ቢደውል የሌሊት ጋጋሪያችን ነው፣ አንሱለት።

በለቅሶው ሦስት ቀን የድንኳኑን ዳቦ የላኩልን እዚሁ ከኛ ጋር የሚፎካከሩ ዳቦ ቤቶች ናቸው። ሂሳብ ስንጠይቃቸው ተቆጡን።

እንደ ወትሮው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን። አንድ ያልፈታነው ቀርቷል፦ «ቀይ ጃንጥላ፣ 22 ዳቦ፣ አይጠየቅ»። ማን እንደሆንሽ ባናውቅም፣ አንጠይቅም።