«ደህና ነኝ» ያልኩሽ ውሸቴን ነበር

እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ? ልጆቹስ? «እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ ተያዘ። አምና ለበዓል ይህንኑ ጽፌልሽ ነበር። ውሸቴን ነው።

ያን ቀን ስልክ ያላነሳሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። መጋረጃውን ዘግቼ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነበር። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይንዘፈዘፋል። በተንዘፈዘፈ ቁጥር ትንሽ ይንሸራተታል። ወደ ጠርዙ እስኪደርስ ዝም ብዬ አየሁት። አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። የሁላችሁንም ሳቅ ብሰማ ማልቀሴ አይቀርም፤ በዓላችሁን ላበላሽ አልፈለግኩም። ማታ የላክሁልሽ ፎቶም የካቻምና ነው። ገንዘቡንም ተበድሬ ነበር የላክሁት። ዘንድሮ ካነሰ አትቀየሚኝ፤ ዕዳው ራሱ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

በዓሉ አለፈ፣ መከፋቱ ግን አልለቀቀኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብላ ነው። የበዓል መከፋት ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል አለችኝ። በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ አብዛኛውን ቀን፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን መታየት አለበት። እኔ ሰባተኛ ሳምንቴን ይዤ ነበር።

እዚህ በዚህ ወቅት አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል። በጨለማ እወጣለሁ፣ በጨለማ እገባለሁ። ለካ ብርሃን ሲያጥር የሚመጣው መከፋትም ስም አለው፤ ወቅታዊ ድብርት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታል የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ጻፈበት። ሰውየው ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሄደ ነው፤ ብርዱ ሲገባ አቅም የሚከዳው ራሱን ነበር። ስደተኛ መሆኑን ስሰማ፣ ሞኝነት ቢመስልም፣ ደስ አለኝ።

አሁን የብርሃን ሕክምና መብራት አለኝ። 10,000 ሉክስ ነው፤ ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ጠዋት እንደተነሳሁ 30 ደቂቃ ፊቱ እቀመጣለሁ፤ አፍጥጬ ግን አላየውም። ዓይኑን የሚያመው ሰው ሐኪም ሳያማክር ባይሞክረው ይሻላል። ምሳ ሰዓት ላይም ወጥቼ እራመዳለሁ። ደመናማ ሰማይ እንኳ ከቤት አምፖል በብዙ ይበልጣል። እማዬ «ወጣ በልና አየር ውሰድ» የምትለው በነጻ ነበር! መጠጥም ቀንሻለሁ፤ ሞቅታው ያልፍና እንቅልፉን በጥብጦ፣ ጠዋት ድብርቱን አብሶ ያስነሳኛል።

ዘንድሮ ስትደውዪ አነሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ስልኩን እየተቀባበላችሁ አታዙሩት፤ ሃያ ጊዜ «ደህና ነኝ» ማለት ይደክመኛል። መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን ጓዳ ገብተሽ ደውዪ። ባለቅስ አትደንግጪ፣ ዝም ብለሽ ጠብቂኝ። ለእማዬ እንደሚሆን አድርገሽ አንቺው ንገሪልኝ፤ «ልጄን ምን ነካው» እያለች እንዳታድር።

ወንድምሽ