ለእማዬ፣ ስለዚያች ቀይ መብራት

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ፣ ይደረጋል» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው በወረቀት የጻፍኩልሽ። አንብቢውና ከሊብሬው ጋር መኪናዋ ውስጥ አስቀምጪው።

እሁድ ዕለት መኪናዋን ማዘጋጃ ቤት አካባቢ አቁመን አክስቴ ጋ በታክሲ መሄዳችን እንዳናደደሽ አውቃለሁ። መንገዱን ሙሉ አላናገርሽኝም። ለምን እንዳቆምኩሽ ያኔ በቅጡ አላስረዳሁሽም፤ ደንግጬ ነበር።

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። «የእጅ ፍሬኑ ነው፣ ሁሌ ይበራል» አልሽኝ። የእጅ ፍሬኑን ነካሁት፤ እስከ ታች ወርዷል። መብራቷ ግን አልጠፋችም። ከፊታችን ደግሞ የቸርችል ቁልቁለት አለ። ኮፈኑን ስከፍት የፍሬን ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነበር።

ያቺ መብራት ሁለት ሥራ አላት፤ የእጅ ፍሬን ሲያዝም ትበራለች፣ የፍሬን ዘይት ሲጎድልም ትበራለች። ዘይቱ ደግሞ ዝም ብሎ አይጎድልም። ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይ የፍሬን ሸራው አልቋል። ሸራው በሳሳ ቁጥር ዘይቱ እየወረደ ክፍተቱን ይሞላል። ባለፈው የወሰድሽበት ጋራዥ ዘይት ጨምሮ፣ መብራቷን አጥፍቶ መለሰልሽ። ሸራውን ያየው የለም። ይሄ እስካሁን ያበሳጨኛል። ሰኞ መካኒኩ የፊቱን ሸራ ሲያወጣው ብረቱ ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። አንዱን ይዤዋለሁ፣ በዓይንሽ ታይዋለሽ።

ኩሽና ያስቀመጥሻትን ግማሽ የፍሬን ዘይት አትጠቀሚባት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባበት ዘይት ፍሬኑ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ እግርሽ ስር ልል ይልብሻል። እኔ ስመጣ እወስዳታለሁ።

አሁን የምለምንሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን እንድትከፍቺ ነው። ወገብሽን ካመመሽ ጥበቃው ይክፈትልሽ፤ ማየቱን ግን አንቺው እዪ።

የሞተር ዘይት መለኪያውን ሳብ አድርገሽ በጨርቅ ጥረጊው፣ መልሰሽ ክተቺው፣ ደግመሽ አውጪው። ከሁለቱ ምልክቶች መሃል ከሆነ በቂ ነው። ግቢያችን ዳገት ስለሆነ እዚያ አይለካም፤ ከሱቁ ፊት ያለው ደልዳላ ቦታ ይሻላል።

ራዲያተሩ ላይ ግን አደራ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላሽ እሳት ላይ የሚቆይብሽም ለዚሁ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ትኩስ ሳለ ክዳኑን ከከፈትሽው በአንዴ ገንፍሎ ፊትሽ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ትኩስ ሞተር ላይ ያን ክዳን እንዳትነኪው። ጠዋት በብርዱ፣ አጠገቡ ያለችውን የፕላስቲክ ዕቃ ከውጭ ማየት ብቻ ይበቃል። ከጎደለ ደግሞ በሃይላንድ የቧንቧ ውሃ አትሙይበት። ኩላንት፣ የራዲያተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ገዝቼልሻለሁ።

ጎማዎቹን እሁድ ማታ ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ጥርሳቸው ገና አላለቀም፤ «ደህና ናቸው» ማለትሽ በዚህ በኩል ልክ ነው። የኋላው ግራ ጎማ ጎኑ ላይ ግን 1114 የሚል ቁጥር አለው። በፈረንጆቹ 2014፣ በ11ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ በእኛ መጋቢት 2006። ጎኑ በቀጫጭኑ ተሰነጣጥቋል። ጎማ ቆሞም ያረጃል፣ እማዬ። ክረምቱ ሳይጠነክር እንቀይረዋለን፣ ገንዘቡን አታስቢ። የነፋሱ ልክ የሾፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ ተጽፏል። ማደያ ስትሄጂ ጎማው ሳይሞቅ አስለኪ፣ ስኮርታውንም አትርሺ።

የኋላ የፍሬን መብራት አንቺ ተቀምጠሽ አይታይሽም። ጥበቃው ከኋላ ይቁም፣ አንቺ ፔዳሉን እርገጪ። ፍሬቻውንም እንዲሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስንት ዓመት ደብተር በቀይ እስኪብርቶ ስታርሚ ኖረሻል። ዳሽቦርዱ ላይም ቀይ ካየሽ ዳር ይዘሽ ቁሚና ደውይልኝ። ሥራ ላይ ነው ብለሽ አትተዪው። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ሩቅ አይደለም፣ እመጣለሁ።

መንዳትሽን ተይ አላልኩሽም። ጎረቤቶቹ ቢሉሽም እኔ አልልም። መሪ መያዝ የተማርኩት ካንቺ ነው፤ ስላሴ ለመሄድ ማንንም ባትለምኚ ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ በ2 ሰዓት እመጣለሁ። ሸራውንም ይዤልሽ እመጣለሁ። ቡና አፍልተሽ ጠብቂኝ፣ ግን መጀመሪያ ኮፈኑን እንከፍታለን።

ልጅሽ