ድንጋዩን ንገሩን፣ ቀኑንም ቀደም አድርጋችሁ አሳውቁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከደብረ ብርሃን ሰላም ብያለሁ። እኔ ጋዜጣችሁን ሁለቴ ነው የምጠቀምበት፣ አንዴ አነበዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አጥፌ ከጃኬቴ ስር ደረቴ ላይ አደርገዋለሁ። ንቀት እንዳይመስላችሁ፣ ሳይክል የሚነዳ ሰው ያውቀዋል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቁልቁለት ስትወርድ ንፋሱ ደረትህን እንዳይበሳው ከጋዜጣ የተሻለ ነገር የለም፣ ርካሽም ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ጣርማበር ላይ የለበስኩት የስፖርት ገፅ ሸዋ ሮቢት ስደርስ በላብ ርሶ ፊደሉ ነጭ ካናቴራዬ ላይ ተገልብጦ ታትሞ አገኘሁት፣ ባለቤቴ በመስታወት ካላየሁ አይነበብም ብላ ስትስቅብኝ ዋለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አምና በኛው አካባቢ ረጅም የሳይክል ጉዞ ተዘጋጅቶ ነበር። ማን እንዳዘጋጀው አልናገርም፣ ክፋትም አልነበራቸውም፣ ልፋታቸውንም አይቻለሁ። ግን ማስታወቂያው የተለጠፈው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ዘጠኝ ቀን! የተጻፈበትም ቀኑ፣ መነሻ ሰዓቱና "መንገዱ ጥርጊያ ነው" የምትል አንዲት መስመር ብቻ። ጥርጊያ ማለት እኮ እኛ ሰፈር ብዙ ነገር ነው፣ ግሬደር ባለፈው ሳምንት ያስተካከለው ገረጋንቲ ጥርጊያ ነው፣ እንቁላል የሚያህል ልቅ ድንጋይ የተደፋበትም ጥርጊያ ነው፣ ክረምቱ አፈሩን አጥቦ አጥንቱን ያወጣው ኮረኮንችም ጥርጊያ ነው የሚባለው፣ ሦስቱ ደግሞ ለሳይክል ሦስት የተለያየ አገር ናቸው። ሃያ ምናምን ሆነን ወጣን፣ ግማሹ አስፋልት ላይ ብቻ የነዳ ልጅ ነው፣ ጎማው ቀጭን፣ ውሃው አንድ ላስቲክ። እኔ ራሴ ተዘጋጅቻለሁ ብዬ የማስበው ሰውዬ አልጨረስኩም።

የኔን ልንገራችሁ። ከጣርማበር ወደ መንዝ ከታጠፍን በኋላ ነው። እዛ ያለው ድንጋይ ጥቁር ባዛልት ነው፣ የጂኦሎጂ ሰዎች ራሳቸው በቦታው ስም የጣርማበር ባዛልት ይሉታል፣ ሲፈጭ ደግሞ ጠርዙ ቢላ ነው የሚሆነው። አንዱ የኋላ ጎማዬን ጎኑ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ቀደደው፣ ካላማዳሪያው በቅዳጁ እንደ እንቁላል ወጣ አለና ጧ! ትርፍ ካላማዳሪያ ይዣለሁ፣ ፖምፓ ይዣለሁ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ ይዣለሁ፣ ግን ጎማው ራሱ ሲቀደድ መለጠፊያ ምን ያደርግልሃል፣ አዲሱንም ብታስገባ በዛው ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል። ያ ጎማ ደግሞ አዲስ ተብሎ የተሸጠልኝ ነው፣ በኋላ አገላብጬ ሳየው ጎኑ ፀሐይ ላይ ከርሞ እንደ ክረምት ተረከዝ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ያኔ ግን ማን አየው።

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳፈጥ አንድ በግ የሚጠብቅ ልጅ መጣ፣ "ጋሼ ምን ሆነው ነው?" አለኝ፣ አሳየሁት፣ አየት አድርጎ ሮጦ ሄደና አያቱን ይዞ መጣ። ሽማግሌው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና "ልጄ፣ ማዳበሪያ አይሆንህም?" አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም፣ ባዶውን የማዳበሪያ ከረጢት ማለታቸው ነው። በቢላ መዳፍ የሚያህል ቆረጥን፣ ሦስት ቦታ አጠፍን፣ በውስጥ በኩል ቅዳጁ ላይ አስተኛነው፣ ካላማዳሪያውን በላዩ አስገብቼ በጥቂቱ ነፋሁት። ያዘ! ብር ላወጣ ስል ተቆጡኝ፣ "እኔ የከፈልኩት ለውስጡ ነው፣ ከረጢቱ ምርቃት ነው" አሉ። ያቺ ቁራጭ እስከ ጣርማበር አደረሰችኝ፣ ከዛ በአይሱዙ ላይ ከድንች ጋር ተጭኜ ገባሁ። አሁን ቁራጭ ከረጢት ከኮርቻዬ ስር ካለችው ቦርሳ አይጠፋም፣ ምንም አይመዝንም።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ የማወራው ምን ለማለት ነው፣ የኮረኮንች ጉዞ ዝግጅት እግር ብቻ አይደለም። አስፋልት ላይ እግርህ ካለ አለህ፣ ኮረኮንች ላይ ግን ጎማህ፣ ሆድህና ውሃህ ከእግርህ እኩል መዘጋጀት አለባቸው፣ እነዚህ ደግሞ በዘጠኝ ቀን አይሆኑም።

የጎማ ንፋስ ለምሳሌ። ጎሚስታ ጋር ስትሄድ እንደ ኳስ አጥብቆ ነው የሚነፋልህ፣ ጠንካራ ጎማ ፈጣን ነው ተብሎ ይታመናል። አስፋልት ላይ ይሁን፣ ጠጠር ላይ ግን ጠንካራ ጎማ በእያንዳንዷ ድንጋይ ላይ ይዘላል፣ የረገጥከው ጉልበት ወደፊት ሳይሆን ወደላይ ይሄዳል፣ መያዝም ያቆማል። ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ጎማ ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃል፣ ቀለል ያለ ሰው ከዛም ዝቅ ያደርገዋል። በጣም ካላላኸው ደግሞ ድንጋይ ስትመታ ቸርኬው ካላማዳሪያውን ነክሶ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣበታል። ልኩን የምታገኘው በሚነዳበት መንገድ ላይ ደጋግመህ ሞክረህ ነው፣ ለዛም ነው ድንጋዩን ንገሩን የምለው። ካላማዳሪያ የሌለው፣ ውስጡ ማሸጊያ ፈሳሽ የሚደረግበት ጎማ አለ፣ የእሾህ ቀዳዳ እየሄድክ ራሱን ይደፍናል፣ አሪፍ ነው፣ ግን እንደኔ አይነቱን ቅዳጅ አይችልም፣ እኛ ጋርም እንደልብ አይገኝም፣ ስለዚህ እሱን እንለፈው።

ሆድ ደግሞ የባሰ ነው። ለብዙ ሰዓት የሚነዳ ሰው በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ አለበት ይላሉ የስፖርት ምግብ ባለሙያዎች፣ ፈረንጆቹ በጄል በምናምን ይሞሉታል። እኛ በሶ አለን! የገብስ አገር ሰው ለምን ጄል ይፈልጋል፣ ከ100 ግራም በሶ ውስጥ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው፣ በስኳርና በቁንጥጫ ጨው በጥብጠህ ላስቲክ ውስጥ ትይዘዋለህ። ነገር ግን በሶ አሰር አለው፣ ልምድ የሌለው ሆድ ሽቅብ እየወጣህ ይነፋል፣ ይጮህብሃል፣ እኔ አንዴ ከጣርማበር ዳገት በታች ወርጄ እርሻ ፈልጌአለሁ፣ ዝርዝሩ ይቅር። ሆድም ልክ እንደ እግር ሳምንት በሳምንት ይለማመዳል፣ ትንሽ በሶ በብዙ ውሃ ትጀምራለህ፣ ዳቦ ቆሎ ትጨምራለህ፣ ቅቅል ድንች በጨው ሞክር፣ በጣም ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ የጾም ነገር አለ፣ ማንም አያነሳውም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ መንገዱ ደርቆ ለሳይክል የሚመቸውም ያኔ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ሰባት ስምንት ሰዓት በባዶ ሆዱ ንዳ ሊባል ነው? እኛ ጓደኛሞች በጾም ወቅት ረጅሙን ልምምድ ወይ ከጾሙ በፊት እንጨርሳለን ወይ አጭር አድርገን ወደ ማታ እናዞረዋለን፣ አቋርጦ መብላትን በተመለከተ ግን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔን አትጠይቁኝ። የጉዞው ቀን ቀደም ብሎ ቢታወቅ ግን ሰው ይሄን ሁሉ ያመቻቻል።

ውሃም ሂሳብ ነው። እንደ ሙቀቱ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ብትል፣ ለስምንት ሰዓት ከ4 እስከ 6 ሊትር ነው፣ ሳይክል ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው ሁለት ኮዳ ነው። የቀረው ከመንገድ ነው የሚቀዳው፣ የትኛው መንደር ቦኖ እንዳለ ካልተነገረህ ምንጭ ታያለህ፣ ምንጭ ካየህ ውሃ አጋር ጨምረህ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ፣ ጓደኞችህ ጥለውህ ይሄዳሉ።

ብርዱን ለኛ ሰው አልነግርም፣ ከቆላ ለሚመጣው ግን ይነገረው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣርማበር ከ3,000 በላይ ነው፣ መንዝ ያለው ጓሳ ጭራሽ ከ3,200 ይጀምርና ወደ 3,700 ይወጣል፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት አገር እኮ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 እንኳ አይሞላም። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይለዋወጣል፣ ስለዚህ በአንድ ጠዋት ከጓንት ወደ ካናቴራ ትገባለህ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ጨምቆ ይዞ መውረድ አይቻልም፣ ቸርኬው ይግላል፣ ያዝ ለቀቅ ነው። ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ደግሞ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ጨለማ ነው፣ ከከባድ መኪና ጋር ነው የምትገባው፣ የፊትም የኋላም መብራት የሌለው ሰው ባይገባበት ይሻላል።

ውጭ አገር እንዴት እንደሚያደርጉት ላይና ታች ብዬ አንብቤአለሁ። አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ኤምፖሪያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በጠጠር መንገድ 200 ማይል፣ ማለትም 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳባታል፣ ዛሬ አንባውንድ ይሉታል። የነሱም ድንጋይ ጎማ ቆራጭ ነው፣ ባልጩት። ምዝገባው ግን ወራት ቀድሞ በዕጣ ነው፣ ከተወሰኑ ጣቢያዎች ውጪ ርዳታ መቀበል እንደማይፈቀድ ሰው አስቀድሞ ያውቃል፣ እንደዛው ይዘጋጃል። ሩቅ ነው ካላችሁ ኬንያ ጎረቤታችን ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ማሳይ ማራ አካባቢ 650 ኪሎ ሜትር በአራት ቀን የሚያስነዳ የጠጠር ውድድር ጀምራለች። እኛስ ምን አነሰን? ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ በጎዳና ሳይክል 24ኛ የወጣ አገር ልጆች ነን፣ ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። የስፖርት ገፃችሁ ስለ ማራቶን ሲጽፍ ደስ ይለኛል፣ ስለ ሳይክል ግን አደጋ ሲደርስ ብቻ ነው የማየው፣ ይቅርታ ካጠፋሁ።

የምለምነው ይሄን ነው። ረጅም ጉዞ የሚያዘጋጅ ሁሉ ቢያንስ ሦስት ወር ቀድሞ ይንገረን፣ በአሥራ ሁለት ሳምንት አንድ ደህና ሰው ከ40 ኪሎ ሜትር ተነስቶ ቀስ በቀስ የጉዞውን ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል፣ የመጨረሻዋን ሳምንት ያርፋል። መንገዱንም ከዚህ እስከዚህ አስፋልት፣ ከዚህ እስከዚህ ገረጋንቲ፣ ከዚህ በኋላ ልቅ ድንጋይ ተብሎ ይጻፍልን፣ ቦኖ ያለበት መንደርም። ቀኑ በልግ ላይ ባይሆን፣ በሞረትና ጅሩ በኩል ከሆነ ደግሞ በጭራሽ፣ መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር ማለቴ ነው፣ ዝናብ ከነካው ጎማና ሹካው መሃል ገብቶ እንደ ጭቃ ቤት ይለስነዋል፣ ሳይክሉን ተሸክመህ ነው የምትሄደው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከየቀበሌው አጣርታችሁ ንገሩን፣ ይሄ ከሁሉም ይቀድማል፣ ሰላም ካልሆነም ቢቀር ማንም አይቀየምም። ለውሻ ደግሞ ማስታወቂያ አያስፈልግም፣ ወርደህ ሳይክሉን በመሃላችሁ አድርገህ ትቆማለህ፣ ሩጫ የለም፣ ባለቤቱ ከቤት ወጥቶ ይጠራዋል።

እኛ አምስት ሆነን ዘንድሮ ከመስከረም ጀምረናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በ12 ሰዓት እንወጣለን፣ አያትዬውንም ለማመስገን በመንዝ በኩል አንድ ዙር አስበናል፣ ስኳርና ቡና ይዘን።

ሳይክል ነጂው፣ ከደብረ ብርሃን

ማስታወሻ፦ ሰሞኑን ገፅ ቀንሳችኋል መሰለኝ፣ ባለፈው ቅዳሜ ብርድ ገብቶብኛል።