«አጋጥሞኝ አያውቅም» የሚል መልስ ሙሉ ነጥብ አያሰጥ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ የምኖር የጽንስና ማሕፀን ስፔሻሊስት ሐኪም ነኝ። ስፔሻሊስቶች በሚቀጠሩበት ቃለ መጠይቅ በአመልካችነትም በጠያቂነትም ተቀምጬ ስለታዘብሁት ነገር ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ለሥራ ቀርቤ፣ «ዶክተር፣ ከሠሯቸው ቀዶ ሕክምናዎች ያልተሳካ አለ?» ተብዬ ተጠየቅሁ። በቀዶ ሕክምና ካዋለድኋት በኋላ ደሟ አልቆም ብሎ እንደገና ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የመለስኋትን እናት ጉዳይ፣ የት ላይ እንደዘገየሁ ጭምር ተናገርሁ። ከእኔ ቀጥሎ የገባው ባልደረባዬ «አጋጥሞኝ አያውቅም» ብሎ እንደመለሰ ኋላ ራሱ እየሳቀ አጫወተኝ፤ የተቀጠረውም እሱ ነው። በሌላ መመዘኛ በልጦኝ ሊሆን ይችላልና ቂም አልያዝሁም። ይሁን እንጂ 4 ዓመት በሬዚደንትነት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና) ሌት ተቀን ሲያዋልድ ከኖረ ሰው አፍ ይህ መልስ ሲወጣ ጠያቂው ሊጠራጠር በተገባው ነበር።

እኔ ከጠያቂዎች ጋር ስቀመጥ ነገሩን ወደ ሌሊት ተረኝነት እወስደዋለሁ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በምጥ የወለደች እናት የፈሰሳት ደም ከግማሽ ሊትር አልፏል፤ በማቀዝቀዣው የቀረው አንድ ከረጢት ደም ብቻ ነው፤ ምን ያደርጋሉ?» እላለሁ። ማሕፀኑን ማሸት፣ የሽንት ፊኛዋን ባዶ ማድረግ፣ ማሕፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን መስጠት፣ እንግዴ ልጁ ተሟልቶ መውጣቱንና የተቀደደ ቦታ አለመኖሩን ማየት፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እንደመከረውም ከወለደች 3 ሰዓት ሳያልፍ ደም መፍሰስን የሚገታውን ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር መስጠት፤ ይህን ያህሉን አብዛኛው አመልካች ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። ልዩነቱ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት መቁጠሩን ይቀጥላል። ሌላው ማንን ለደም እንደሚልክ፣ የሰመመን ባለሙያውን መቼ እንደሚያስጠራ፣ ማሕፀን እስከማውጣት ከተደረሰ የትኛውን ከፍተኛ ሐኪም ከእንቅልፉ እንደሚቀሰቅስ ይናገራል። በቃሊቲ መንገድ ከባድ መኪኖች ሲሰለፉ አምቡላንስ ከእኛ ሠፈር መሃል ከተማ እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ አስልቶ፣ «ሪፈር የምጽፍ ከሆነ አሁኑኑ ነው፤ አለዚያ እዚሁ ሆዷን እከፍታለሁ» የሚል አመልካች ሲገኝ ደግሞ እኔ በበኩሌ ሌላ ጥያቄ አልጨምርም።

«ደካማ ጎንዎ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቢቀር ቅር አይለኝም፤ «ሥራ አበዛለሁ» ከሚል መልስ በቀር ያተረፈልን ነገር የለም።

ለቀጣሪ ሆስፒታሎች የማቀርበው ሐሳብ፣ በነጥብ መስጫ ቅጹ ላይ የራስን ስሕተት በግልጽ ለማስረዳት የተወሰነ ነጥብ እንዲመደብ ነው። አመልካቾችም የታካሚዋን ማንነት ሳይገልጹና ጥፋቱን በአዋላጅ ነርሷ ላይ ሳያሳብቡ፣ ምን እንደደረሰና ከዚያ ወዲህ በአሠራራቸው ምን እንደለወጡ ቢናገሩ ይበቃል። እኔ ያቺ እናት በሰላም ወደ ቤቷ ከገባች ወዲህ፣ የፈሰሰው ደም መጠን ጮክ ተብሎ ሳይነገረኝ የማንንም ሆድ አልዘጋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽንስና ማሕፀን ሐኪም፣ ከቱሉ ዲምቱ