ካርማ ዕጣ ፈንታ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ሕንድ ጥንታዊ ፍልስፍና በተከታታይ የምታወጡትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሳላቋርጥ አንብቤአለሁ። እንዲህ ያለ ርእስ በአማርኛ ጋዜጣ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ጸሐፊው እንደደከሙበትም ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ክፍል ካርማ «ዕጣ ፈንታ»፣ ዳርማ «ሃይማኖት»፣ አትማን «ነፍስ»፣ ማያ ደግሞ «ሐሰት» ተብለው በአንድ አንቀጽ ከተተረጎሙ በኋላ፣ ከዚያ በታች ያለው ሐተታ በሙሉ የቆመው በእነዚህ አራት የአማርኛ ቃላት ላይ ነው። አንባቢው ስለ ሂንዱ ፍልስፍና የሚያነብ ይመስለዋል እንጂ፣ የሚያነበው የአማርኛ ቃላቱ ከየቤታቸው ይዘውት የመጡትን ትርጉም ነው።

በካርማ ልጀምር። ቃሉ የወጣው በሳንስክሪት፣ በጥንቱ የሕንድ የሊቃውንት ቋንቋ፣ «ክሪ» ከሚለው ሥር ሲሆን፣ ሥሩ ማድረግና መሥራት ማለት ስለሆነ ካርማ በቁሙ «ሥራ» ነው። ቬዳ በሚባሉት የሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ኋላም ሚማንሳ በተባለው የፍልስፍና ወገን ሊቃውንት ዘንድ፣ በተለይ የሚያመለክተው የመሥዋዕቱን ሥርዓት ነበር። ሥራ ፍሬውን ይዞ ወደ ሠሪው ይመለሳል የሚለው ሐሳብ ብቅ የሚለው ኡፓኒሻድ በሚባሉት፣ የቬዳዎች መደምደሚያ በሆኑት የፍልስፍና መጻሕፍት ውስጥ ነው። በብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ አርታባጋ የተባለ ጠያቂ ሊቁን ያጅናቫልክያን ያፋጥጠዋል፤ ሰው ሲሞት ድምፁ ወደ እሳት፣ እስትንፋሱ ወደ ነፋስ፣ ዓይኑ ወደ ፀሐይ ከሄደ፣ ሰውየው ራሱ ያን ጊዜ የት ነው? ሊቁ በጉባኤው ፊት አልመለሰለትም። እጅህን ስጠኝ፣ ይህ በሰው መካከል የሚነገር አይደለም ብሎ ገለል አደረገው። ሁለቱ ለብቻቸው የተነጋገሩት ስለ ካርማ እንደነበረ መጽሐፉ ይነግረናል፤ ሰው በመልካም ሥራ መልካም፣ በክፉ ሥራም ክፉ ይሆናል።

ዕጣ ፈንታ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ዕጣ ከሌላ እጅ የሚወጣ፣ ሰው ሳይመርጠው የሚደርሰው ነገር ነው። በኡፓኒሻዶች ላይ የቆመው የፍልስፍና ወገን፣ የቬዳንታ፣ መምህራን ካርማን ለማስረዳት የሚያቀርቡት የቀስተኛ ምሳሌ ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። ቀስተኛው ገና ያልነካቸው፣ በመያዣው ውስጥ የተከማቹ ፍላጻዎች አሉት፤ ከቀድሞ ሕይወት የተጠራቀመው ሥራ ይህ ሲሆን ሳንቺታ ይባላል። አንዱ ፍላጻ ከደጋኑ ወጥቶ በአየር ላይ ነው፤ ፍሬ ማፍራት የጀመረው ሥራ፣ ፕራራብዳ፣ ይኸው ነው፤ ቀስተኛው ቢጸጸትም አይመልሰውም። ሦስተኛውን ግን አሁን በእጁ ይዞ እያነጣጠረ ነው፤ ይህ አጋሚ ነው። «ዕጣ ፈንታ» የሚለው ቃል ቢበዛ ሁለተኛውን ፍላጻ ይነካ ይሆናል፤ እሱንም ቢሆን የወረወረው ማን እንደሆነ ያስረሳል። ሦስተኛውን ግን ጨርሶ ያጠፋዋል፤ ትምህርቱ የሚደገፈው ደግሞ በእሱ ላይ ነው።

ይህን ስናገር ከስሕተቱ ነጻ ነኝ ማለቴ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ የጥናት ቡድን ባጋቫድ ጊታ ከተባለው የሂንዱ ቅዱስ ግጥም ጥቂት ስንኞች ስተረጉም፣ ካርማን ገና በመጀመሪያው ገጽ «ዕድል» አልኩና እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ በዚያው ቀጠልኩ። አምላኩ ክሪሽና ተዋጊውን አርጁናን የሚመክርበት ታዋቂው 47ኛ ስንኝ ላይ ስደርስ ግን በወረቀቴ ላይ የወጣው ዓረፍተ ነገር «ሥልጣንህ በዕድልህ ላይ ብቻ ነው» የሚል ሆነ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ትርጉም የለውም፤ ካለውም የስንኙን መልእክት ገልብጦታል። «ዕድል»ን ሰርዤ «ሥራ»ን ስተካበት ስንኙ ወዲያው ተቃና፦ ሥልጣንህ በሥራው ላይ ብቻ ነው፤ በፍሬው ላይ ከቶ አይደለም። ጸሐፊያችሁም ይህን ስንኝ በአራተኛው ክፍል ጠቅሰውታል፤ እዚያ ላይ ግን ካርማን «ተግባር» ብለውታል። በአንዱ ሳምንት ዕጣ ፈንታ፣ በሚቀጥለው ተግባር የሆነው ነገር አንድ ቃል መሆኑን አንባቢ በምን ይወቅ?

ዳርማ ከካርማም ይከብዳል። ቃሉን ወደ ሌላ ቋንቋ ለማሻገር የተደረገው ሙከራ በጣም ጥንታዊ መሆኑን ለማወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በአፍጋኒስታን ካንዳሃር የተገኘውን የሕንዱን ንጉሥ የአሾካን የድንጋይ ጽሑፍ መመልከት ይበቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ260 ዓመት ገደማ የተቀረጸው ይህ ዐዋጅ በግሪክኛና በአራማይክ የተጻፈ ነው። አሾካ በሌሎች ዐዋጆቹ ላይ «ዳማ» እያለ የሚጠራውን፣ ይኸውም ፕራክሪት በተባለው የዘመኑ የሕዝብ አነጋገር የዳርማ አቻ የሆነውን ቃል፣ የግሪክኛው ተርጓሚ «ዩሴቤያ» አለው፤ ለአማልክት የሚገባ አክብሮትና መልካም አምልኮ ማለት ነው። የአማርኛ ዘመድ በሆነው በአራማይክ የጻፈው ደግሞ «እውነት» የሚል ቃል መረጠ። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ቃል፤ ተርጓሚዎቹ ግን ወደ ሁለት ተለያዩ። ሁለቱንም ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም፤ እያንዳንዱ ከቃሉ የቆረሰው በቋንቋው አፍ የሚበቃውን ያህል ነው።

የዳርማ ሥር «ድሪ» ሲሆን መያዝ፣ ደግፎ ማቆም ማለት ነው። ስለዚህ ዳርማ ዓለምን የያዘው ሥርዓት ነው፤ የንጉሥ ፍርድ ነው፤ ልጅ ለአባቱ የሚገባው ነው፤ የእሳት ማቃጠል እንኳ የእሳት ዳርማ ይባላል። በጊታ ክሪሽና የሌላውን ዳርማ አሳምሮ ከመፈጸም የራስን ዳርማ አጓድሎም ቢሆን መፈጸም ይሻላል ሲል፣ ዳርማን «ሃይማኖት» ብለን ከተረጎምነው ምክሩ ሃይማኖትህን አትቀይር የሚል ይመስላል፤ ክሪሽና ግን የሚናገረው ከጦርነቱ ሊሸሽ ለሚፈልግ ተዋጊ ስለ ተዋጊነት ግዴታው ነው። በዛሬው ሂንዲ «ዳርም» ሃይማኖት ለማለት እንደሚያገለግል አውቃለሁ፤ ጸሐፊው የተጠቀሙበት ምክንያትም ይኸው ይሆናል። የጥንቱን ጽሑፍ በዛሬው አነጋገር መፍታት ግን ሌላ ነገር ነው። «ሃይማኖት» ከ«አመነ» ጋር የሚዛመድ ቃል ስለሆነ መነሻው እምነት ነው፤ ዳርማ ግን ምን ታምናለህ ብሎ አይጀምርም።

በጣም ያሳሰበኝ አትማን ነው። «ነፍስ» መጥፎ ምርጫ አይመስልም፤ እንዲያውም ነፍስ ከ«ነፈሰ» እና ከ«እስትንፋስ» ጋር እንደሚዛመደው ሁሉ፣ አትማንም በጥንቱ አጠቃቀሙ ከእስትንፋስ ጋር ይያያዛል። ነገር ግን በሳንስክሪት ሰዋስው አትማን ራስን አመልካች ቃል ነው፤ እኛ «ራሱን አየ» ስንል «ራስ» የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ከአካል ተለይታ የምትሄደው፣ ከሕይወት ወደ ሕይወት የምትሻገረው ለ«ነፍስ» የቀረበችው ጂቫ ናት። አትማን ግን ሌላው ሁሉ ተገፎ ሲያልቅ የሚቀረው «ራስ» ነው። ስለዚህ በአማርኛ መተርጎም ግድ ከሆነ «ራስ» ከ«ነፍስ» ይሻላል።

የቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ስድስተኛ ምዕራፍ ይህን በቤት ዕቃ ያስተምራል። ሽቬታኬቱ በ12 ዓመቱ ለትምህርት ወጥቶ በ24 ዓመቱ ቬዳዎቹን ሁሉ ተምሮ፣ ኩራትም ተጨምሮበት ይመለሳል። አባቱ ኡዳላካ ጨው ውኃ ውስጥ ጨምረህ ነገ ጠዋት ና ይለዋል። በማግሥቱ ያን ጨው አምጣልኝ ሲለው ልጁ በውኃው ውስጥ ቢዳብስ አያገኘውም። ከዚህኛው ጫፍ ቅመስ፤ ጨው ነው። ከመካከሉ ቅመስ፤ ጨው ነው። ከዚያኛው ጫፍ ቅመስ፤ ያው ጨው ነው። አታየውም እንጂ እዚሁ አለ ይለዋል አባቱ፤ የሁሉ አትማን ያ ነው፤ «ታት ትቫም አሲ»፣ ያ አንተ ነህ። ይህች ቃል በምዕራፉ ውስጥ 9 ጊዜ ትመላለሳለች።

ከዚህ ላይ ነው እንግዲህ የሕንድ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት የተከራከሩት። በ8ኛው መቶ ዓመት እንደኖረ የሚነገርለት ሻንካራ ቃሉን በቀጥታ ወስዶ አትማንና ብራህማን፣ ይኸውም የሁሉ መሠረት የሆነው የመጨረሻ እውነታ፣ ፈጽሞ አንድ ናቸው አለ። ራማኑጃ ነፍሳትና ዓለም የአምላክ አካል ናቸው፣ አንድነቱም እንደዚያ ያለ ነው አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው ማድቫ ያደረገው ግን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በሳንስክሪት ቃላት ሲገናኙ አናባቢዎቻቸው ይዋሃዳሉ፤ ሳንዲ ይሉታል። «አትማ» ሲል ያበቃው ቃል ቀጥሎ «አታት» ቢመጣ፣ ሁለቱ «አ»ዎች ተውጠው አንድ ይሆናሉ። ማድቫ እዚያ ቦታ የተዋጠ «አ» አለ ብሎ «አታት ትቫም አሲ» ሲል አነበበው፤ «ያ አንተ አይደለህም»። በአንዲት የተዋጠች አናባቢ አንድነት ልዩነት ሆነ። ብዙዎቹ ሊቃውንት ንባቡን አልተቀበሉትም፤ እኔም አባትየው በጨው ውኃ ካስተማረው ትምህርት ጋር ይጋጭብኛል። ነገር ግን «ነፍስ» ብለን በተረጎምነው ጽሑፍ ላይ ይህ ክርክር ሊነሣ እንኳ አይችልም፤ ሥሩ ተቆርጧልና።

ስለ ማያ አላስረዝምም። ከቬዳዎቹ አንዱ በሆነው በሪግ ቬዳ ማያ፣ አምላኩ ኢንድራ ብዙ መልክ የሚይዝበት የአማልክት ድንቅ ችሎታ ነው እንጂ ሐሰት አይደለም። በሻንካራ ትምህርትም በምሽት ገመድ አይቶ እባብ ነው ብሎ የደነገጠ ሰው ያየው እባብ የለም፤ ድንጋጤው ግን ነበረ። «አለ»ም «የለም»ም ሊባል ያልቻለውን ነገር «ሐሰት» ብሎ መዝጋት ጥያቄውን መሰረዝ ነው። ዮጋም «የአካል እንቅስቃሴ» ተብሎ ባይታለፍ መልካም ነበር፤ ሥሩ «ዩጅ» መጥመድ ማለት ነውና፣ በሬ የምንጠምድበትና በሥራ የምንጠመድበት የአማርኛው «ጠመደ» ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ይቀርበዋል።

የውጭ ቃል በበዛበት ጽሑፍ አንባቢ ይሰለቻል የሚል መልስ እንደሚቀርብ እገምታለሁ። ይህም ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ645 ከሕንድ ወደ ቻይና የተመለሰው መነኩሴ ሹዋንዛንግ፣ መጻሕፍቱን ከሳንስክሪት ሲያስተረጉም በድምፃቸው ብቻ መጻፍ ያለባቸው አምስት ዓይነት ቃላት አሉ እንዳለ ይነገርለታል። ከእነሱም አንዱ በአንድ ጊዜ ብዙ ትርጉም የያዘ ቃል ነው፤ ሌላው እንደ ጃምቡ ዛፍ በተርጓሚው አገር የሌለ ነገር ስም ነው። ካርማና ዳርማ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ሳንስክሪቱን ሳይለወጥ ትቶ፣ በመጀመሪያ በተነሣበት ቦታ በአንድ ዓረፍተ ነገር መፍታት አንባቢን ከማሰልቸት ይልቅ ያከብረዋል።

በመጨረሻም አንድ እርማት። በዚያው በሦስተኛው ክፍል «ብራህማ» ቅርጽ የሌለው፣ በቃል የማይገለጽ ነው ከተባለ በኋላ፣ ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ «ብራህማ» አራት ራሶች አሉት ይላል፤ ከዚያም «ብራህማዎች» መሥዋዕት ያቀርባሉ ተብሏል። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው የፍልስፍናው ብራህማን ነው፤ ሁለተኛው ፈጣሪ ተብሎ የሚሣለው አምላክ ብራህማ ነው፤ ሦስተኛዎቹ ካህናቱ ብራህሚኖች ናቸው። ሳንስክሪት የሚለያቸው በዋናነት በአናባቢ ርዝመትና በመድረሻቸው ነው፤ የሳንስክሪት አጭር «አ» በፊደላችን ግእዝ፣ ረጅሙም በራብዕ ቢጻፍ ብረህመን፣ ብረህማ፣ ብራህመነ ተብለው ያለ ምንም ማብራሪያ ይለያሉ። ፊደላችን የአናባቢን ርዝመት እንዲህ መለየት ይችላል፤ የላቲን ፊደል ግን ተጨማሪ ምልክት ካልተደረገበት አይችልም። የለመድነውን አጻጻፍ እንለውጥ አልልም። በሚቀጥለው ክፍል ግን ሦስቱ ስሞች ተለይተው ቢጻፉና የሦስተኛው ክፍል ስሕተት በእርማት ቢወጣ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ